ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በአውሮፕላን፦ ርቀቱ አንድ ሆኖ ሰዓቱ የሚለያየው ለምንድን ነው?

በዋሽንግተን ዲሲና በአጎራባቾቿ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖረው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ከአገር ውጭ ካሉት ትልልቆቹ አንዱ በመሆኑ፣ ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ዋሽንግተን ደለስ የሚወስደው በረራ ለብዙ ቤተሰብ የታወቀ መንገድ ነው። በዚህ መስመር የተመላለሰ ሰው ደጋግሞ የሚያነሳው አንድ ጥያቄ አለ። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው አውሮፕላን የትም ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ቦሌ ይደርሳል፤ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው ግን መሐል ላይ በሌላ አገር አርፎና ነዳጅ ቀድቶ፣ በጠቅላላው ከ16 እስከ 17 ሰዓት ይፈጅበታል። አውሮፕላኑ ያው አውሮፕላን፣ ከተሞቹም ያው ከተሞች ናቸው። አንዳንዱ ሰው ልዩነቱን በምድር መዞር፣ ሌላው ደግሞ በአየር መንገዱ የገበያ ፍላጎት ያመካኛል። የመጀመሪያው ስሕተት ነው፤ ሁለተኛውም ቢሆን ከዋናው ምክንያት አያደርስም።

ርቀቱ ስንት ነው? የሚለካውስ እንዴት ነው?

የሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎች ርቀት ሲባል፣ በክቡ የምድር ገጽ ላይ ሁለቱን የሚያገናኘው አጭሩ መስመር ማለት ነው። ይህ መስመር ሙሉ ዙሩን ቢዞር ምድርን እኩል ለሁለት የሚከፍል ክብ ስለሚሆን በሙያው «ታላቅ ክብ» ይባላል። ለስሌቱ የሚያስፈልገው የሁለቱ ቦታዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ብቻ ነው። ቦሌ በ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስና በ38.8 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ አካባቢ ይገኛል፤ ደለስ ደግሞ በ38.9 ዲግሪ ሰሜንና በ77.5 ዲግሪ ምዕራብ። የምድርን አማካይ ራዲየስ 6,371 ኪሎ ሜትር ብለን ስናሰላ በሁለቱ መካከል 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ እናገኛለን።

በተለያዩ ድረ ገጾች ላይ የተለያየ ቁጥር ማየት የተለመደ ቢሆንም፣ አብዛኛውን ጊዜ ልዩነቱ የመለኪያው ነው። ይኸው ርቀት በየብስ ማይል 7,180 አካባቢ፣ አብራሪዎች በሚጠቀሙበትና 1.852 ኪሎ ሜትር በሚሆነው የባሕር ማይል ደግሞ 6,240 አካባቢ ነው። የቀረው ጥቂት ኪሎ ሜትር አንዱ ስሌት ምድርን ፍጹም ክብ፣ ሌላው በዋልታዎቿ በኩል በትንሹ የተጨፈለቀች አድርጎ በመውሰዱ የሚመጣ ስለሆነ አያሳስብም።

አጭሩ መንገድ ካርታ ላይ ለምን ጎብጦ ይታያል?

ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን አጭሩ መንገድ በቀጥታ ወደ ምዕራብ፣ በቻድና በናይጄሪያ አቅጣጫ የሚሄድ ለሚመስለው ሰው፣ በሉል ላይ ክር ወጥሮ ማየት ከማናቸውም ማብራሪያ ይበልጣል። ክሩ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ ያቀናል፤ ሱዳንን፣ ሊቢያንና አልጄሪያን አቋርጦ የሜዲትራኒያንን ባሕር በስፔን በኩል ይሻገራል፤ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ 45ኛው ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ አጠገብ ይደርስና ከዚያ ወደ ደቡብ ምዕራብ ታጥፎ በማሳቹሴትስ ጠረፍ አቅጣጫ ወደ ዋሽንግተን ይወርዳል። መንገዱ ከመድረሻው ከተማ በላይ ወደ ሰሜን ርቆ ሄዶ ነው የሚመለሰው።

ጠፍጣፋው ካርታ ይህን መስመር የተጠማዘዘ አስመስሎ የሚያሳየው ክቡን ምድር በወረቀት ላይ ለመዘርጋት ሲባል ወደ ዋልታዎቹ ያሉትን አገሮች ስለሚለጥጣቸው ነው። ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት ያየነው መርኬተር እ.ኤ.አ. በ1569 ያወጣው ዓይነት ካርታ ለመርከበኞች አቅጣጫ ለመያዝ እንጂ ርቀት ለመገመት አልተሠራም።

ታዲያ አውሮፕላኑ በዚሁ መስመር ላይ ይበራል?

አይበርም። ድረ ገጾች የሚሰጡት ርቀት ማንም በሙሉ ያልሄደበት፣ ለማነጻጸሪያ የሚያገለግል ዝቅተኛ ልክ መሆኑን አለማወቅ ብዙውን አለመግባባት ያመጣል። አውሮፕላን በሚያልፍበት አገር ሁሉ የአየር ክልል ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ጦርነት ያለበትን ሰማይ ይሸሻል፤ ከባድ ዐውሎ ነፋስ ካለ ይዞራል። በእኛ መስመር ላይ ይህ ነገር በግልጽ ይታያል። ሱዳን ውስጥ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ጦርነት ሲፈነዳ የአገሪቱ የአየር ክልል ለመንገደኞች በረራ ተዘጋ፤ የሊቢያን ሰማይ ደግሞ የአሜሪካና የአውሮፓ የበረራ ደህንነት መሥሪያ ቤቶች አየር መንገዶች እንዲርቁት ለዓመታት ሲያስጠነቅቁ ቆይተዋል። ከላይ በጠቀስነው ክር ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አገሮች እነዚሁ ናቸው። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜንና ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚነሳ በረራ እነርሱን ለመሸሽ ሲዞር ኪሎ ሜትር ይጨምራል፣ ኪሎ ሜትሩ ነዳጅ ይጨምራል፣ ነዳጁም ክብደት ይጨምራል፤ የክብደቱ ነገር ወደ በኋላ ዋና ጉዳያችን ይሆናል።

ርቀቱን በፍጥነት ማካፈል አይበቃም?

ለግምት ይበቃል። በዚህ መስመር የሚሠሩት ቦይንግ 787ና ኤርባስ ኤ350 ከፍታቸውን ከያዙ በኋላ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራሉ፤ 11,560ን በ900 ስናካፍል 13 ሰዓት የማይሞላ ጊዜ ይወጣል። ነገር ግን አውሮፕላን ያን ፍጥነት የሚይዘው ከፍታው ላይ ከደረሰ በኋላ ብቻ ነው። ትኬት ላይ የተጻፈው ጊዜ ደግሞ የሚቆጠረው ጎማው መሬት ከለቀቀበት ሳይሆን፣ አውሮፕላኑ ከመሳፈሪያው በር ከተላቀቀበት አንሥቶ በመድረሻው በር እስኪቆም ድረስ ነው። መሬት ላይ ወደ መንደርደሪያው የሚደረገው ጉዞ፣ ተራ ጥበቃው፣ ወደ ላይ መውጣቱና ወደ ታች መውረዱ ሁሉ በውስጡ አለ፤ አየር መንገዶችም በየጊዜው እንዳይዘገዩ ሲሉ ጥቂት ደቂቃ ይጨምሩበታል።

ይህ በአጭር በረራ ላይ ጎልቶ ይወጣል። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በቀጥታ ቢለካ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ቢታሰብ ከ25 ደቂቃ በታች መፍጀት ነበረበት፤ የበረራው መርሐ ግብር ግን አንድ ሰዓት ያህል ይሰጠዋል። አውሮፕላኑ ከፍታውን እንደያዘ ወዲያው ለመውረድ ስለሚዘጋጅ ሙሉ ፍጥነቱን የሚጠቀምበት ጊዜ የለውም። በ13 ሰዓት ጉዞ ላይ ግን ይኸው ጊዜ ከጠቅላላው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ስለዚህ የመሄጃውንና የመመለሻውን ልዩነት በእርሱ ማስረዳት አይቻልም።

የምድር መዞር ነው ወይስ ነፋስ?

ምድር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በምድር ወገብ ላይ በሰዓት 1,670 ኪሎ ሜትር ገደማ ትዞራለች። ከዚህ ተነስቶ «ወደ ምዕራብ የሚበር አውሮፕላን መድረሻው ወደ እርሱ እየመጣለት መቅደም ሲገባው ለምን ይዘገያል?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሱ አየሩም ከምድር ጋር አብሮ ይዞራል የሚል ነው። አውሮፕላኑ የቆመበት መሬት፣ የሚበርበት አየርና የሚያርፍበት ከተማ ሁሉም በአንድነት ስለሚዞሩ፣ የምድር መዞር በቀጥታ ለማንም ጊዜ አይጨምርም፣ አይቀንስምም።

በተዘዋዋሪ ግን የዞረችው ምድር ነፋሱን ታሾረዋለች። በምድር ወገብ አካባቢ ያለው ሞቃት አየርና በዋልታዎቹ በኩል ያለው ቀዝቃዛ አየር በሚገናኙበት ቀጠና፣ ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ጄት ስትሪም የሚባል ጠባብና ኃይለኛ የነፋስ ጅረት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ፍጥነቱ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በሰሜኑ ክረምት፣ ማለትም በእኛ በበጋው ወራት፣ በሰሜንና በደቡብ ያለው የሙቀት ልዩነት ስለሚሰፋ ይበልጥ ይበረታል። በወራጅ ወንዝ ላይ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ክንዱ ያው ሆኖ ሳለ ወደ ታች ሲወርድ ፈጥኖ፣ ወደ ላይ ሲወጣ ዘግይቶ እንደሚደርስ ሁሉ፣ አውሮፕላኑም በአየሩ ውስጥ የሚበርበት ፍጥነት ሳይለወጥ ከመሬት አንጻር ያለው ፍጥነት ይለወጣል። በአትላንቲክ ላይ 5,000 ኪሎ ሜትር ስንሄድ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከኋላ ቢገፋን በ5 ሰዓት እንጨርሰዋለን፤ ያው ነፋስ ከፊት ቢገጥመን 6 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይፈጅብናል።

ነፋሱ ምን ያህል ሊገፋ እንደሚችል ለማየት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 የሆነውን ማንሳት ይቻላል። ኪያራ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ሰሜን አትላንቲክን ሲያናውጥ አንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 ከኒው ዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ደረሰ። በጉዞው መሐል ከመሬት አንጻር ያለው ፍጥነት በሰዓት ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ የደረሰበት ጊዜ ነበር። በዚህ ምክንያት የሰሜን አትላንቲክ የበረራ መስመሮች እንደ ነፋሱ ሁኔታ በየቀኑ ይታቀዳሉ፤ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው ጅረቱን ፈልጎ ይገባበታል፣ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ይሸሸዋል። በዋሽንግተንና በአዲስ አበባ መካከል ግን አፍሪካ ላይ የሚበረው ክፍል ከዚህ ጅረት በአብዛኛው የራቀ ስለሆነ፣ ነፋሱ ብቻውን የሚያመጣው ልዩነት ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። የቀረውን ለማግኘት ወደ ቦሌ መንደርደሪያ መመለስ አለብን።

ከአዲስ አበባ ሲነሳ ለምን መሐል ላይ ያርፋል?

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛል። ደለስ 95 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በቦሌ ከፍታ ያለው አየር ከባሕር ጠለል አየር ሲነጻጸር ከአንድ አምስተኛ እስከ አንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ቀኑ በሞቀ ቁጥር ደግሞ የበለጠ ይሳሳል። የሳሳ አየር አውሮፕላንን በሁለት በኩል ይጎዳዋል። ክንፉ አውሮፕላኑን ወደ ላይ የሚያነሳው በላዩና በሥሩ በሚያልፈው አየር ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ክብደት ለማንሳት በበለጠ ፍጥነት መንደርደር ያስፈልጋል። ሞተሩም ኃይል የሚያወጣው አየር ስቦ ከነዳጅ ጋር በማቃጠል ስለሆነ፣ ቀጭን አየር ሲስብ ግፊቱ ይቀንሳል። እንግዲህ አውሮፕላኑ ይበልጥ መፍጠን በሚኖርበት ቦታ ላይ ነው ጉልበቱ የሚያንሰው።

የቦሌ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር ያህል ርዝመት ቢኖረውም ይህን ሙሉ በሙሉ አያካክሰውም። ጎማዎቹ ራሳቸው የፍጥነት ወሰን አላቸው፤ ከመነሳቱ በፊት ችግር ቢገጥመው ቆሞ ለመቅረት የሚበቃ ርዝመት ሊተርፍለት ይገባል፤ ከተነሳ በኋላም አንድ ሞተር ቢጠፋ በቀረው ሞተር እየወጣ በዙሪያው ካሉት ከፍታዎች፣ በሰሜን በኩል 3,200 ሜትር ገደማ ከሚደርሰው እንጦጦ ጭምር፣ በደህና መራቅ መቻል አለበት። እነዚህን ሁሉ የሚያሟላው አንድ ነገር ክብደትን መቀነስ ነው። ደንቡ የወጣው ለመንገደኛው ሕይወት ስለሆነ፣ በመሐል ማረፉን እንደ አየር መንገዱ ስንፍና የሚቆጥሩትን ሰዎች መሞገት ተገቢ ይመስለኛል።

ክብደት ከምን ይቀነሳል? ቦይንግ 787-8 ለመነሳት የሚፈቀድለት ከፍተኛ ክብደት 228 ቶን ገደማ ሲሆን በሰዓት 5 ቶን ያህል ነዳጅ ያቃጥላል። ለ14 ሰዓት በረራ 70 ቶን፣ ከዚያም ላይ በደንብ የተደነገገው መጠባበቂያ ይታከልበታል፤ ይህ ከአውሮፕላኑ ጠቅላላ ክብደት አንድ ሦስተኛ ያህል ይሆናል። ከቦሌ ሲነሳ ያን ሁሉ ነዳጅ ቢይዝ፣ በርካታ መንገደኞችንና ሻንጣቸውን ትቶ መሄድ ይኖርበታል። ያለው አማራጭ መንገደኛውን ሞልቶ፣ ነዳጁን ግን ለግማሽ መንገድ ብቻ ይዞ መነሳትና ዝቅ ባለ አገር አርፎ መሙላት ነው። ከደለስ ሲመለስ ግን አየሩ ወፍራም፣ መንደርደሪያው ረጅም፣ ነፋሱም ከኋላ ስለሆነ ሁሉንም ጭኖ በአንድ ትንፋሽ ይመጣል። ከቦሌ የሚነሱት ረጃጅም በረራዎች አብዛኞቹ ማታ መሆናቸውም ይረዳል፤ ዋናው ምክንያቱ መንገደኞችን ከሌሎች በረራዎች ጋር ማገናኘት ቢሆንም፣ የሌሊቱ ቅዝቃዜ አየሩን ጥቂት ያወፍረዋል።

የማረፊያው ምርጫ በርቀቱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ የሚያስገርም ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለዚህ በረራ በተለያዩ ጊዜያት የአየርላንዷን ደብሊንና የቶጎዋን ሎሜ ተጠቅሟል። ደብሊን ካርታ ላይ ከመንገዱ እጅግ ወደ ሰሜን የወጣች ትመስላለች፤ ሆኖም ከአዲስ አበባ ደብሊን 6,370፣ ከደብሊን ደለስ ደግሞ 5,460 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ድምሩ 11,830 ይመጣል። ከአጭሩ መስመር የሚበልጠው በ270 ኪሎ ሜትር ብቻ፣ ማለትም በ20 ደቂቃ በረራ ነው። ወደ ምዕራብ ቀጥ ብላ የምትታየው ሎሜ ግን በጠቅላላው 12,750 ኪሎ ሜትር ታስኬዳለች፤ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ጭማሪ ነው። ሎሜ በምትኩ ከምዕራብ አፍሪካ የሚሳፈሩ መንገደኞችን ትሰጣለች።

ስለዚህ በደብሊን በኩል ሲሆን ጊዜውን የሚወስደው ዙሪያ ጥምጥሙ ሳይሆን መውረዱ፣ መሬት ላይ መቆየቱና እንደገና መውጣቱ ነው፤ ይህ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ከፊት የሚገጥመው ነፋስ ሲታከልበት ከ13 ሰዓት ወደ 16 እና 17 የተሻገርንበት መንገድ ይህ ነው።

ትኬቱ ላይ ያለውን ሰዓት እንዴት ማንበብ ይገባል?

ትኬት ላይ የመነሻው ሰዓት በመነሻው ከተማ፣ የመድረሻውም ሰዓት በመድረሻው ከተማ አቆጣጠር ይጻፋል። አዲስ አበባ ከዋሽንግተን በክረምታቸው 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ትቀድማለች፤ አሜሪካኖች ከመጋቢት ሁለተኛው እሑድ እስከ ኅዳር የመጀመሪያው እሑድ፣ ወሮቹን በእነርሱ አቆጣጠር ወስደን፣ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ስለሚገፉት ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በበጋቸው ሰኞ በእነርሱ አቆጣጠር 11፡00 ከደለስ የተነሳ አውሮፕላን 13 ሰዓት በርሮ ማክሰኞ 07፡00 ቦሌ ይደርሳል፤ ትኬቱን ሲያዩት 20 ሰዓት የፈጀ ይመስላል። ከቦሌ ሰኞ 23፡00 ተነስቶ 17 ሰዓት የተጓዘው ደግሞ ማክሰኞ 09፡00 ደለስ ይገባል፤ ሲያዩት 10 ሰዓት ብቻ የፈጀ ይመስላል። የሰዓት ልዩነቱን ለማያስታውስ ሰው አንድ ቀላል ማመሳከሪያ አለ፤ ሲሄዱና ሲመለሱ ትኬቱ ላይ የሚታዩት ጊዜዎች ሲደመሩ፣ 20 ሲደመር 10፣ የእውነተኛዎቹ ድምር ከሆነው 13 ሲደመር 17 ጋር እኩል 30 ይሆናሉ። በአንዱ በኩል የተጨመረው በሌላው ስለሚቀነስ፣ ለሁለት ቢካፈል የአንድ ጉዞ አማካይ ይገኛል።

ለእኛ ደግሞ ሌላ መጠንቀቂያ አለ። ትኬት ላይ 23፡00 የተባለው በእኛ ከምሽቱ 5 ሰዓት፣ 07፡00 የተባለው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፤ ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ሰውን ከበረራ የሚያስቀረው ከሰዓቱ ይልቅ ቀኑ ነው። በአውሮፕላን አቆጣጠር ቀን የሚለወጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ትኬቱ ረቡዕ 00፡30 ካለ፣ በእኛ አነጋገር ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ማለት ስለሆነ፣ መንገደኛው ማክሰኞ ማታ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ቦሌ መገኘት አለበት። «ረቡዕ ሌሊት ነው» ብሎ ረቡዕ ማታ ሻንጣውን ይዞ የሚወጣ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ ሙሉ ቀን ሊሞላው ጥቂት ሲቀር ነው የሚደርሰው። ትኬት ለወላጆቻቸው የሚገዙ ልጆች ቀኑን በአጥቢያው ጠርተው ቢነግሯቸው ብዙ እንግልት ይቀራል።

አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ይህን ይለውጠዋል?

በከፊል። ከአዲስ አበባ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ በተባለው ስፍራ የሚገነባው አውሮፕላን ማረፊያ ከቦሌ በጥቂት መቶ ሜትሮች ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ በመጠኑ ስለሚወፍር፣ ያው አውሮፕላን ከቦሌ ሊያነሳው የማይችለውን የተወሰነ ቶን ሊያነሳ ይችላል፤ ለነዳጅ ቢውል ረዘም ያለ መንገድ፣ ለመንገደኛ ቢውል የሞላ ወንበር ማለት ነው። ሆኖም 1,900 ሜትር አካባቢ ያለ ሜዳ አሁንም ከፍታ ነው፤ ወደ ዋሽንግተን ያለ ማረፊያ መብረር የሚቻልበት ልክ የሚወሰነው በዚያ ላይ በሚመደበው አውሮፕላን ዓይነትና በሚከፈቱት የአየር ክልሎች ጭምር ነው። ቢሳካም ወደ ምዕራብ የሚሄደው በረራ ከመመለሻው ጋር እኩል አይሆንም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር አማካይ ነፋስ ከፊት ቢገጥመው 11,560 ኪሎ ሜትሩ 13 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ይፈጃል፤ መውጣቱ፣ መውረዱና መሬት ላይ የሚደረገው ጉዞ ሲጨመርበት ከ14 ሰዓት በላይ ይሆናል።